የጋምብል ቤት መጋጠሚያዎች

ችንካሩ አራት ማዕዘን ነው። የተቆረጠው ከዞጲ ነው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ክሩ ለዓይን የማይለይ እንጨት። ከተሰካበት ጣውላ ፊት በጣም በትንሹ ብቅ ብሏል። ብቅ ያለው ጫፍ ስለት የለውም፤ አራቱም ጠርዞቹ ተሞርደው ለስልሰዋል። ዓይን ሊያልፈው ይችላል፤ ጣት ግን ሲነካው ወዲያው ያውቀዋል።

ከብዙዎቹ ችንካሮች ሥር የተደበቀ ብሎን አለ። ሰፊ ጣውላ ጫፉ ላይ ከተገጠመለት አግዳሚ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ብሎኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ክብ አይደለም፤ ወደ ጎን የረዘመ ነው። ምክንያቱ የእንጨት ጠባይ ነው። እንጨት ተቆርጦ ከደረቀም በኋላ እርጥበት መሳቡንና መልቀቁን አይተውም። ሲስብ በወርዱ ይሰፋል፤ ሲለቅ በወርዱ ይጠባል። በቁመቱ የሚለወጠው ግን ከቁጥር አይገባም። 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው የማሆጋኒ ጣውላ ከእርጥቡ ወቅት እስከ ደረቁ ወቅት በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊለዋወጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን ጣውላ ጫፉ ላይ ካለው አግዳሚ ጋር በሙጫና በሚስማር ጥርቅም አድርጎ ያሰረ አናጺ ጣውላው እንዲሰነጠቅ ፈርዶበታል። ቀዳዳውን ያረዘመ አናጺ ግን መሄጃ ትቶለታል። ዞጲው ያን መሄጃ ይሸፍናል። አንዳንዱ ችንካር ለዓይን ሚዛን ብቻ የተጨመረ ነው፤ ብዙዎቹ ግን ጌጥ ቢመስሉም ሥራ ላይ ናቸው።

ችንካሮቹ የሚገኙት በካሊፎርኒያ፣ በፓሳዴና ከተማ ባለው በጋምብል ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ የተሠራው በ1908 እና በ1909 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ያሠሩት ዴቪድ ጋምብልና ባለቤታቸው ሜሪ ጋምብል ናቸው። ዴቪድ ጋምብል በሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ ከተመሠረተው የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የሳሙና ኩባንያ መሥራቾች ቤተሰብ ሁለተኛው ትውልድ ነበሩ። ከሥራ ከወጡ በኋላ የኦሃዮን ብርድ የሚሸሹበት ቤት ፈለጉ። ንድፉን የሠሩት ወንድማማቾቹ አርክቴክቶች ቻርልስ ግሪንና ሄንሪ ግሪን ናቸው። የገነቡትም ወንድማማቾች ናቸው፤ ኮንትራክተሩ ፒተር ሆልና የእንጨት ዕቃ ሠሪው ጆን ሆል። የመስታወቱን ሥራ የሠራው ኤሚል ላንግ ነው። ወደ 750 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ቤት በእነዚህ ጥቂት ሰዎች መግባባት ላይ ቆመ።

አርክቴክቶቹ እንጨት የተማሩት በወረቀት ላይ አልነበረም። ገና ልጆች ሳሉ በሴንት ሉዊስ ከተማ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ገቡ። የትምህርት ቤቱ መሥራች ካልቪን ውድዋርድ ተማሪ ሒሳብና ሳይንስ ከሚማርበት ሰዓት ጎን ለጎን በመሮ፣ በመላጊያና በመዶሻ መሥራት አለበት ብሎ ያምን ነበር። ልጆቹ እንጨት ገጣጠሙ፤ ብረት ቀጠቀጡ። በሥነ ሕንፃ ትምህርት ወደ ቦስተን፣ ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ቻርልስ ግሪን አንድ መጋጠሚያ ሲነድፍ መሮው ከየትኛው አቅጣጫ እንደሚገባ ያውቅ ነበር። ጆን ሆል ደግሞ ንድፉን ሲቀበል እንጨቱ የማይፈቅደውን ነገር የሚጠይቅ መስመር አያገኝበትም ነበር።

በ1893 ወላጆቻቸው ወዳሉበት ወደ ፓሳዴና ሲሄዱ በቺካጎ በኩል አለፉ። በዚያ ዓመት በነበረው የዓለም ትርኢት ላይ ከጃፓን የመጡ አናጺዎች የገጣጠሙት ባለ ሦስት ክንፍ የእንጨት ቤት ቆሞ ነበር። ምሰሶው፣ አግዳሚው፣ ወራጁ ሁሉ በግልጽ ይታያል። ሸክሙ ከጣራው ወደ መሬት የሚወርድበትን መንገድ ተመልካቹ በዓይኑ መከተል ይችላል። ቻርልስ ግሪን በሕይወቱ ጃፓንን አላየም። ያ አሠራር ግን ከእጁ አልወጣም።

የጋምብልን ቤት ከውጭ መጀመር ይገባል። ቤቱ የቆመው አሮዮ ሴኮ በሚባለው ሰፊ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው። ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ጀርባው ወደ ሸለቆው ነው። በጀርባ ያለውን ሰገነት የያዘው ግንብ ከሁለት ነገር የተሠራ ነው። አንዱ ከሸለቆው የተለቀመ፣ ውኃ ያለሰለሰው ድንጋይ ነው። ሌላው ከምድጃው እሳት በጣም ቀርቦ የጠቆረና የተጣመመ ጡብ ነው። ሌላ ግንበኛ እንዲህ ያለውን ጡብ ይጥለው ነበር። እዚህ ግን ትልልቁ ድንጋይ ከታች ተቀምጧል፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ድንጋዩ እያነሰ፣ ጡቡ እየበዛ ይሄዳል። ተፈጥሮው የት አልቆ የሰው ሥራ የት እንደጀመረ አንድ መስመር ላይ ጣት መጠቆም አይቻልም።

ግድግዳው ሬድዉድ ከሚባል እንጨት በተፈለጠ ሳንቃ ተሸፍኗል። ሳንቃው በመጋዝ ስላልተሰነጠቀ ፊቱ ሸካራ ነው፤ ውፍረቱም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። የተቀባው አረንጓዴማ ቀለም ክሩን አይደፍነውም። ከሳንቃው በላይ የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው በጣም ርቆ ወጥቷል። የፓሳዴና በጋ ይከብዳል፤ ክፈፉ ቀትር ላይ ግድግዳውንና መስኮቱን በጥላ ይይዛል። ፎቁ ላይ ደግሞ ሰው በሌሊት አየር ላይ የሚተኛባቸው ክፍት በረንዳዎች አሉ። ጣራው ሥር ያለችው የመጨረሻዋ ክፍል መስኮት በየአቅጣጫው አላት። የቤቱ ሙቅ አየር ወደ እርሷ ይወጣና ከዚያ ይለቀቃል።

ወራጆቹ ከክፈፉ አልፈው በባዶ አየር ላይ ያበቃሉ። ጫፋቸው እንደተቆረጠ አልተተወም፤ ተሞርዷል። አግዳሚዎቹ በብረት ማሰሪያ የታቀፉባቸው ቦታዎች አሉ። ማሰሪያው እንጨቱን ዙሪያውን ይይዝና በሽብልቅ ይጠብቃል። ሽብልቅ አንድ ጥቅም አለው። እንጨቱ ደርቆ ሲከሳ ማሰሪያው ይላላል፤ ያን ጊዜ ሽብልቁን በመዶሻ መታ አድርጎ ማጥበቅ ይቻላል። መጋጠሚያው የተነደፈው ለተሠራበት ቀን ብቻ አይደለም። ከዓመታት በኋላ መዶሻ ይዞ ለሚመጣ ሰውም ታስቧል።

የፊት በሩ ሦስት ክፍል ነው። መካከለኛው ሰፊ ሳንቃ ዋናው በር ነው፤ ግራና ቀኙ ጠባብ ናቸው፤ ከላያቸው አግድም የሚሄድ መስኮት አለ። የበሩ ክፈፍ ቲክ የሚባል እንጨት ነው። በዚህ ሁሉ ላይ አንድ የኦክ ዛፍ ተዘርግቷል። ግንዱ መካከለኛው በር ላይ ነው፤ ቅርንጫፎቹ የእንጨቱን ክፈፍ እየዘለሉ ወደ ጎኖቹና ወደ ላይ ይሄዳሉ። ዛፉ የተሠራው ከባለቀለም መስታወት ነው። ላንግ መስታወቱን ያያያዘበት ዘዴ ለዚህ ሥራ ወሳኝ ነበር። የተለመደው የእርሳስ ዘንግ ወርዱ ከጫፍ ጫፍ እኩል ነው። እርሱ ግን የእያንዳንዱን ስባሪ ጠርዝ በስስ መዳብ ጠቅልሎ በብየዳ አያያዘው። ስለዚህ መስመሩ እንደተፈለገ ይወፍራል፣ ይቀጥናል፤ ከግንዱ ወፍሮ ይነሣና ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ክር ያክላል። አንዳንድ ቦታ አንዱ መስታወት በሌላው ላይ ተደርቧል፤ በተደረበበት ቦታ ቀለሙ ይጠልቃል። በሩ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ዛፉ በሙሉ ቀለሙ የሚታየው ጧት፣ ከውስጥ ሆኖ ለተመለከተው ነው።

አዳራሹ ውስጥ ቲኩ ከወለል እስከ ኮርኒስ አካባቢ ይወጣል። ከግድግዳው ሳንቃዎች አንዱ በር ነው፤ ወደ ማብሰያ ቤት ይወስዳል። ሌላው የካፖርት ማስቀመጫ ነው። ሲዘጉ ከጎረቤቶቻቸው አይለዩም። ለዚህ የሚያስፈልገው ትክክለኛነት ቀላል አይደለም። በሩ ዙሪያውን ያለው ክፍተት፣ በማይከፈቱት ሳንቃዎች መካከል ካለው መስመር ጋር እኩል መሆን አለበት። ክሩም ከጎኑ ካለው ክር ጋር መስማማት አለበት። የሚንቀሳቀሰው ሳንቃ የማይንቀሳቀሰውን መስሎ የሚቀጥለው፣ ሁለቱም ከመጀመሪያው አብረው ታስበው ከሆነ ብቻ ነው።

ደረጃው የቤቱ ዋና የእንጨት ሥራ ነው። የእጅ መደገፊያው እንደ ተለመደው አንድ ዘንበል ያለ ዘንግ አይደለም። ከእርከኖቹ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ትንሽ አግድም ይሄዳል፣ ይነሣል፣ እንደገና አግድም ይሄዳል። በየመታጠፊያው ሁለት የቲክ ቁራጮች ይገናኛሉ። የአንዱ ጥርስ በሌላው ክፍተት ውስጥ ይገባል። ጥርሶቹ ከፊት ይታያሉ፤ አልተሸፈኑም። እያንዳንዱ ጥርስ ትንሽ ወጣ ብሎ ጠርዙ ተለስልሷል። ቁራጮቹ እንዴት እንደተያያዙ ለመጠየቅ ሠሪውን መጥራት አያስፈልግም፤ መጋጠሚያው ራሱ ይናገራል።

እዚህ ላይ የወንድማማቾቹን አንድ ልማድ ማስተዋል ያስፈልጋል። ሁለት እንጨቶች ሲገናኙ ፊታቸው እኩል አይሆንም። የወንበሩ እግር ከአግዳሚው በጥቂት ሚሊ ሜትር ወጣ ይላል፤ የበሩ ቋሚ ከመካከለኛው ሳንቃ ይቀድማል። ልዩነቷ ትንሽ ብትሆንም ሁለት ሥራ ትሠራለች። አንደኛ፣ በመጋጠሚያው ላይ ቀጭን ጥላ ይወድቃል፤ ክፍሎቹ በዚያ ጥላ ይለያሉ። ሁለተኛ፣ እንጨቱ ሲሰፋና ሲጠብ ለውጡ አይታወቅም። ሁለት ፊቶች ልክ እኩል ተላግተው ከሆነ፣ አንዱ በግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢንቀሳቀስ ጣት ይይዘዋል። ቀድሞውኑ የተለያዩ ከሆኑ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር በልዩነቱ ውስጥ ይጠፋል። ቤቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ መጋጠሚያዎቹ ያልተዛቡ የሚመስሉት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ሳሎኑም ቲክ ነው። የእሳት ምድጃው ወደ ውስጥ ገባ ባለ ቦታ ተቀምጧል፤ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ አግዳሚ ወንበሮች አሉት። ከግድግዳው አናት ላይ፣ ኮርኒሱ ሥር፣ የተቀረጸ የሬድዉድ ሳንቃ ክፍሉን ይዞራል። ዛፍ፣ ወፍና የመሬት ገጽ አለበት። ቅርጹ ጥልቀት የለውም፤ ክሩን ተከትሎ ተፍቋል እንጂ አልተቆፈረም። ወለሉ ላይ ያሉትን ምንጣፎች ቻርልስ ግሪን በውኃ ቀለም ነድፏቸዋል። የፒያኖው ሳጥን፣ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ መብራቱ፣ የመብራት ማብሪያው የእንጨት ሳህን ሳይቀር ከአንድ የንድፍ ቢሮ ወጥተዋል።

የምግብ ክፍሉ ማሆጋኒ ነው። ገበታው አንድ እግር ብቻ አለው፤ መካከል ላይ የቆመ ሰፊ እግር። እንግዳ ሲበዛ የገበታው ፊት ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሳባል፤ ተጨማሪ ሳንቃም ይገባል። እግሩ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ለሸክሙ የሚሆነው ተንሸራታች ከሥር ተደብቋል። የገበታው ማዕዘን አልተቆረጠም፣ ክብም አልተደረገም፤ ከጃፓን ሰይፍ የእጅ መከላከያ ብረት የተወሰደ ቅርጽ ይዟል። ያው ቅርጽ ክፍሉ ውስጥ በሌሎች ቦታዎችም በልዩ ልዩ መጠን ይመለሳል።

የአንድ ቤት ሥራ እውነተኛ ፈተና ግን እንግዳ የማይገባበት ክፍል ነው። የጋምብል ቤት ማብሰያ በሜፕል ተሠርቷል። ሜፕል ነጣ ያለና ጠንካራ እንጨት ነው፤ ለሚታጠብ ክፍል ይስማማል። እዚህ የሚሠሩት የቤቱ ሠራተኞች ነበሩ። መሳቢያው፣ የቁም ሳጥኑ በር፣ የጠረጴዛው ጠርዝ ግን ሳሎኑ ያገኘውን ጥንቃቄ አግኝተዋል። ዋጋው ርካሽ እንጨት ሊገባ በሚችልበት ቦታ የተቀነሰው የጌጡ መጠን እንጂ የመጋጠሚያው ጥራት አይደለም።

ባለቤቶቹስ ምን አደረጉ? ቤቱ በሚሠራበት በ1908 የጋምብል ቤተሰብ ወደ እስያ ተጉዞ ነበር። በዚያ ጉዞ ቻይናን ያየው ልጃቸው ሲድኒ ጋምብል ኋላ በቻይና ፎቶግራፎቹ ታወቀ። ገንዘብ የሚከፍለው ሰው ከውቅያኖስ ማዶ ሆኖ ሳለ የቤቱ ሥራ ቀጠለ። ይህ ሊሆን የቻለው ማን ምን እንደሚወስን አስቀድሞ ስለተለየ ነው። ቻርልስ ግሪን ከሥራው ቦታ አይጠፋም ነበር፤ አናጺው ሲሠራ ያያል፣ ካላመነበት ያስቀይራል። ሄንሪ ቢሮውንና ንድፉን ይይዛል። ፒተር ሆል ግንባታውን ይመራል፤ ጆን ሆል የእንጨት ሥራ ቤቱን። ባለቤቶቹም ባዶ እጃቸውን አልመጡም። በቤተሰባቸው ዓርማ ላይ ያለችው ወፍ፣ ክሬን፣ ከጽጌረዳ ጋር ሆና ወደ ቤቱ ጌጥ ገባች።

እንዲህ ያለ ሥራ ዋጋ አለው፤ ሁልጊዜ ግን ገበያ አያገኝም። ወንድማማቾቹ በ1907 እና በ1909 መካከል የብላከርን፣ የጋምብልን፣ የፕራትንና የቶርሰንን ቤቶች ነደፉ። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀነሰ። ቻርልስ በ1916 ወደ ካርሜል ሄደ፤ ድርጅታቸው በ1922 ፈረሰ። በ1940ዎቹ የጋምብል ወራሾች ቤቱን ለመሸጥ አስበው ነበር። ሊገዙ የመጡት ሰዎች ጠቆር ያለውን እንጨት ሁሉ ነጭ ቀለም ስለመቀባት ሲነጋገሩ ወራሾቹ ሰሙ። ቤቱን ከገበያ አወጡት። በ1966 ለፓሳዴና ከተማ ሰጡት፤ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤትም በጥበቃው ተካፈለ። በ1977 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ።

የብላከር ቤት እንዲህ ዕድለኛ አልነበረም። በ1985 አዲስ ገዢ መብራቶቹን ፈትቶ ለየብቻ ሸጣቸው። ለአንድ ክፍል፣ ለአንድ ኮርኒስ፣ ለአንድ ማዕዘን የተነደፈ መብራት በሙዚየም መስታወት ውስጥ አሁንም ያምራል። የተለየው ግን ከመጋጠሚያው ነው። ከዚያ በኋላ ፓሳዴና እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን ከቤታቸው መንቀልን የሚቆጣጠር ደንብ አወጣች።

የጋምብልን ቤትም ጊዜ ነክቶታል። ከክፈፉ ያለፉት የወራጅ ጫፎች ለፀሐይና ለዝናብ የተጋለጡ ናቸውና መበስበስ ጀምረው ነበር። በ2003 እና በ2004 የውጭው አካል ታደሰ። አዳሾቹ የበሰበሰውን ሁሉ ቆርጠው አዲስ አልተኩም። ጤነኛውን እንጨት አቆይተው የጎደለውን ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ሙጫ ሞሉት፤ ፊቱንም ወደ ቀድሞ ቅርጹ መለሱት። ይህም የመጀመሪያውን ሠሪ እጅ ማክበር ነው።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ቪላ ከሚያስገነቡት ባለቤቶች አንዳንዶቹ፣ እንደ ጋምብል ቤተሰብ፣ ግንባታውን ከሩቅ የሚከታተሉ ናቸው። እብነ በረዱ ይመረጣል፤ የመታጠቢያው ዕቃ ይመረጣል። አናጺው ግን ብዙ ጊዜ የሚጠራው ልስኑ ካለቀ በኋላ ነው፤ የሚሰጠውም ገና እርጥብ የሆነ እንጨትና አጭር ቀን ነው። በክረምት በሩ ያብጣል፣ አልዘጋ ይላል። በበጋ ይከሳል፣ ይሰነጠቃል። ጥፋቱ የአናጺው ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል።

የጋምብል ቤት የሚያሳየው ሌላ መንገድ ነው። ቤት ለማሠራት ያሰባችሁ፣ አናጺውን መሠረቱ ሳይቆፈር አርክቴክቱ ዘንድ አስቀምጡት። የበሩ፣ የደረጃውና የመስኮቱ መጋጠሚያ በትክክለኛ ልኩ ይነደፍ፤ ውሉም ውስጥ ይግባ። እንጨቱ ቀድሞ ይገዛ፤ እስኪደርቅም ይጠበቅ። ማብሰያ ቤቱ ከሳሎኑ ያነሰ ጥንቃቄ እንዳያገኝ ከወዲሁ ተስማሙ። ሎስ አንጀለስና አካባቢዋ የምትኖሩ ደግሞ ከፌርፋክስ የኢትዮጵያ ሠፈር ወደ ፓሳዴና ሩቅ አይደለም፤ ቤቱ ለጎብኚ ክፍት ነው። ስትገቡ የበሩን ዛፍ አይታችሁ አትለፉ። ደረጃው ጋ ቁሙ፤ አንዱ ጥርስ በሌላው ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ ተመልከቱ፤ ከዚያ ለአናጺያችሁ ንገሩት።